ከዲሽ የመጣ መርዶ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ እህል ተወቅቶ ወደ ቤት በገባበት ሰሞን ነው። ያኔ የስልክ መስመር ተዘግቶብን ነበር። በዕድሜዬ ጦርነትም ድርቅም አልፎብኛል። ያ ማለዳ ግን ከሁሉም በላይ ትዝ ይለኛል። በዚያን ቀን ገና ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ያደረገልኝን ሳልጽፍ ብቀር ውለታ በላ እሆናለሁ።

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ አናጢ ነኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ። የተወለድኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ጋዝጊብላ ነው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሚስማር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ ራሴን አስተምሬአለሁ። ስለዚህ ስለ ዜና ሰዎች የምለውን የማያነብ ሰው ወቀሳ አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ።

በቤቴ ሕግ አለ። ቴሌቪዥን አላስገባሁም። እራት ሲቀርብ ስልክ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ፈቃዱን ያልተጠየቀ ሰው ፎቶ አይነሳም፤ ሕፃንም ቢሆን። ልጆቼ ከኋላዬ «አባዬ ያለ መመሪያ ውሃ አይጠጣም» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ።

ዝናሽ የመጨረሻ ልጄ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ብታጣ ጅቡቲ ሄደች፤ ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እንዳትሄድ አልከለከልኳትም። ግን ከጅቡቲ ወዲያ ባሕር አለ። ያን ባሕር በጀልባ እንሻገራለን ብለው የቀሩ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ልትሄድ ስትል አስቀመጥኳት።

«ዝናሽ፣ ባሕሩን አትሻገሪም» አልኳት።

«አልሻገርም አባዬ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው። ደግሞስ ዋና አልችል፣ ወዴት እሄዳለሁ?» ብላ ሳቀች። እናቷ ታደለች «በዚህ ነገር አይሳቅም» ብላ ተቆጣቻት።

በየእሑዱ ትደውል ነበር። መስመሩ ሲዘጋ ድምጿ ጠፋ። ለምን እንደተዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት የነገረን ሰው የለም። የዘጋው ወገን የራሱ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። እኔ የማውቀው ግን አባት ከልጁ ጋር እንዳይነጋገር ሲደረግ ቢያንስ ምክንያቱ ሊነገረው እንደሚገባ ነው። በሬን የሚያሽግብኝ ሰው እንኳ ማኅተም ይዞ መጥቶ ስሙን ይናገራል።

ዲሹ ግን አልተዘጋም። መብራት በመጣ ጊዜ ሁሉ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥኑ ያወራል። ስለዚህ ከውጭ የሚነገረን ነገር ይገባል፣ የእኛ ጥያቄ ግን አይወጣም። መከራው የመጣው በዚህ በኩል ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዘነበችን ሻይ ቤት በር ልገጥም ሄድኩ። ዘነበች ልጇ የዝናሽ ጓደኛ ስለሆነች ከቤታችን ጋር ቅርብ ናት። በሩን ተሸክሜ ስገባ ዘነበች ሪሞቱን አንስታ ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረገችው። በቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ኧረ ተቀመጡ! የያዝኩት በር ነው እንጂ ታቦት አይደለም» አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም።

እኔ የመሰለኝ ሌላ ነው። ቴሌቪዥን ፊት አፉን ከፍቶ የሚውልን ሰው መገሠጽ ልማዴ ስለሆነ የፈሩኝ መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ምክሬ ዛሬ ገና ሰሚ አገኘ ብዬ ኮራ አልኩ። ከዚያ በፊት ሰላምታ እንኳ የሚሰስትብኝ ሰው መጥቶ በሩን ደገፈልኝ። ሌላው መዶሻዬን አቀበለኝ። «ደህና ነህ አያ ሞላ? ቤት ደህና ነው?» ይሉኛል፤ መልሰው ደግሞ ያንኑ ይጠይቁኛል።

ጥግ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። ሸሚዙ በሲሚንቶ አቧራ ነጥቷል። ትኩር ብሎ አየኝ።

«አባት፣ ጅቡቲ ሰው አለዎት?» አለኝ።

«ልጄ አለች። ምነው?»

«ስሟ ማን ይባላል?»

«ዝናሽ።»

ዘነበች ቶሎ ጣልቃ ገባች። «ተወው አያ ሞላ፣ ሾፌር ወሬ ይወዳል። መቃኑ እንዳይዘም ብቻ እይልኝ። አንተም ሻይህን ጠጣ!» አለችው። ሰውየው ሻዩን ትቶ ተነሣና ወደ ጓዳ ተከትሏት ገባ። ትንሽ ቆይቶ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። እኔም መቃኑን ማየቴን ቀጠልኩ። መቃኑ አልዘመመም ነበር።

የእኛን አገር ወግ ለማያውቅ ልንገረው። ሞት እንዲሁ በመንገድ ላይ አይነገርም። ቀድሞ የሰማ ሰው ዝም ይላል፤ ለቤተሰቡ ምንም አይልም፣ ምንም አይጠይቅም። ዘመድ ከየገጠሩ ይጠራል፣ የንስሐ አባት ይመጣል፤ ከዚያ በማለዳ ቤተሰቡ ከቤት ሳይወጣ ተሰብስበው ይነግሩታል። ጥሩ ወግ ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይወድቅ የሚደግፍ ነው።

በዚያ ሳምንት ግን ይህ ጥሩ ወግ ለሐሰት አገለገለ። በቴሌቪዥን ከፎቶ ጋር የወጣውን ወሬ ሁሉም ያውቀዋል፣ እኔን ግን የሚጠይቀኝ የለም። «ይህ ፎቶ የልጅህ ነው? መቼ የተነሳችው ነው?» ብሎ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ፎቶውን ዝናሽ ለታደለች የላከችላት ከዓመት በፊት ነው። ግን የሟችን አባት እንዲህ ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ማለዳ ደጃችን ተንኳኳ። የከፈተችው ታደለች ናት። የንስሐ አባታችን አባ ወልዱ ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው የአጎቴ ልጅ ካሣ ከጋዝጊብላ መጥቷል፤ ሌሎችም ዘመዶች አሉ፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እነሱ አንድም ቃል ሳይናገሩ ታደለች በሩን ይዛ ተንሸራትታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሞላ፣ ቁጭ በል» አሉኝ አባ ወልዱ።

«ቆሜ እሰማለሁ አባ።»

«ቁጭ በል ልጄ።»

ተቀመጥኩ።

«ዝናሽን ፈጣሪ ወስዷታል። ሰው ጭኖ ከሰመጠው ጀልባ ላይ ነበረች።»

«ማን አለ?»

«በቴሌቪዥን ተነገረ።»

«ስሟን ጠሩ?»

አባ ወልዱ ወደ ካሣ ዞሩ። ካሣ ነው የመለሰልኝ። «ስም አልጠሩም። ከሰቆጣ አካባቢ የሄዱ አሉበት አሉ። መልኳን ግን ሁሉም አይቶታል፤ በቢጫ ሻሿ፣ ባሕሩ ከኋላዋ ሆኖ።»

ያን የድሮ ፎቶ በዚያች ሰዓት ማናችንም አላሰብነውም። ታደለች በኽምጣና አለቀሰች። አማርኛ የገበያና የመሥሪያ ቤት ቋንቋዋ ነው፤ ልቧ ያለው በኽምጣና ነው። ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

እኔን እንባ እምቢ አለኝ። ሰው ጥንካሬ መሰለው። ጥንካሬ አልነበረም። ልጄ ብቻ አይደለችም የሞተችብኝ፤ ቃሏም አብሮ ሞቶብኛል። «አልሻገርም» ብላኝ ነበር። በሳቅ ያለችኝን አምኜ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ልቅሶ ቤት ተቀምጬ በሞተች ልጄ ላይ እየተቆጣሁ ነበር። ለሌላ ሰው ይህን ተናግሬ አላውቅም፤ ግን እንዲህ ነበር።

የእድሩ ድንኳን ተተከለ። የትምህርት ቤት ፎቶዋን ነጭ ጨርቅ ላይ ሰቀሉት። ሴቶች በመሶብ ምግብ ይዘው ይገቡ ጀመር። ሰው መጥቶ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፤ ሌላው ይመጣል።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ከመንገዱ በኩል የመኪና ጡሩንባ ተነፋ። አሁንም ተነፋ። አላቆመም።

«ልቅሶ ቤት ደጃፍ ጡሩንባ የሚነፋው ምን ዓይነት ባለጌ ነው?» ብሎ ካሣ ብድግ አለ።

አንድ አይሱዙ ድንኳኑ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ያ ሸሚዙ በሲሚንቶ የነጣው ሰው ዘሎ ወረደ። ሰዉ ለቀስተኛ መስሎት ቦታ ለቀቀለት። እሱ ግን አልተቀመጠም፣ አላለቀሰም። ዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

«አብሽሩ አባት! ልጅቱ ደህና ናት። ትናንት አነጋግሬአታለሁ» አለ።

ካሣ ሄዶ የሸሚዙን ኮሌታ ጨመደደው። «በሰው ሐዘን ትቀልዳለህ?»

«ወላሂ አልቀለድኩም! ልቀቀኝና ላሰማህ። ብቻ ስልኬን እንዳትሰብርብኝ፣ ልጅቱ ያለችው እዚህ ውስጥ ነው።»

አባ ወልዱ «ልቀቀው» አሉ። ሰውየው መጥቶ ፊቴ በርከክ አለና ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። መጀመሪያ የመንገድ ጫጫታ ተሰማ። ቀጥሎ እሷ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ዝናሽ። ኧረ ምን አድርጌ ነው ሞተች የተባልኩት? ባሕሩን አልተሻገርኩም። ቃሌን አልሰጠሁም እንዴ? ያ ፎቶ ባሕር ዳርቻ ለመዝናናት ሄጄ የተነሳሁት ነው፤ ፌስቡክ ላይ ለጥፌው ነበር። ማን እንደወሰደው አላውቅም። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ‹ስለማያምኑኝ አንቺ መሆንሽን የሚያውቁበት ነገር ተናገሪ› አለኝ። ምን ልበል... እሺ። አባዬ፣ የመላጊያዎን እጀታ የሰበረችው ፍየሏ አይደለችም። እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ከዚያ «እማ» ብላ በኽምጣና ቀጠለች። ታደለች ስልኩን ከጉልበቴ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ስለ ፍየሏ ላስረዳ። ዝናሽ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አባቴ ያወረሰኝ የጣውላ መላጊያ እጀታው ተሰብሮ አገኘሁት። «ፍየሏ ረገጠችው» አለችኝ። አመንኳት። ፍየሏን በዚያው ሳምንት ገበያ አውጥቼ ሸጥኳት። ይህን ታሪክ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ለልጆች ስለ ጥንቃቄ በተናገርኩ ቁጥር ያቺን ፍየል እጠቅስ ነበር።

«ወይኔ ያቺ ምስኪን ፍየል!» አለ ካሣ። ድምፁ ግማሹ ልቅሶ፣ ግማሹ ሳቅ ነበር። አባ ወልዱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ቃሏን ጠብቃ ነበር።

ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው። በሩን በገጠምኩ ቀን ሲሚንቶ አራግፎ በዘነበች ቤት ሻይ ሲጠጣ ቴሌቪዥኑ ላይ የዝናሽን ፎቶ አየ፤ ሰዉም «የአያ ሞላ ልጅ ናት» ብሎ ሲያዝን ሰማ። ወዲያው እኔ በር ተሸክሜ ገባሁ። ዘነበችን ጓዳ ድረስ ተከትሎ «ደውሎ ያረጋገጠ አለ?» ብሎ ጠየቃት። «በምን ስልክ?» አለችው። የዝናሽን ቁጥር ከእሷ ተቀብሎ ሄደ። ዘነበች «እስኪመለስ እንጠብቅ» ብላ ሽማግሌዎቹን ለምናቸው ነበር። እነሱ ደግሞ ዘመድ ደርሷል፣ አገር ሁሉ አውቆ አባት ሳያውቅ መዋሉ ነውር ነው አሉ። አልፈርድባቸውም።

ሰይድ ስልክ ከሚሠራበት ወልድያ ደርሶ ደወለ፤ አላነሳችም። ሥራ ላይ ነበረች። ከሥራ እስክትወጣ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ጠበቃት። ድምጿን ቀዳ። ኮምቦልቻ የሚጠብቀው ጭነት ነበረው፤ ያን ትቶ ወደ እኛ ዞረ።

«ለምን በሚመጣ ሰው አልላክህልንም? ይህን ሁሉ መንገድ» አልኩት።

«አባት፣ እናንተ ቴሌቪዥን አይታችሁ የሾፌር ወሬ ታምናላችሁ? ራሷ ካልተናገረች ማን ይሰማኛል?» አለኝ። ቀጥሎም «እኔም ዓረብ አገር እህት አለችኝ። ማንም ሳይደውል እንዲያለቅስላት አልፈልግም» አለ።

ታደለች ድምጿን ደጋግማ ታሰማለች። ሰይድ «እናቴ፣ ባትሪው ያልቅብኛል» ይላታል፤ አትሰማውም።

ሰዎች ድንኳኑን ሊያፈርሱ ሲነሱ ታደለች ቀና አለች። «ታዲያ የሞተችው ማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

እውነትም ጀልባው ሰምጧል። የአንዲት እናት ልጅ ሞታለች። በእሷ ፊት ምትክ የእኛ ልጅ ፊት ስለታየ ያቺ ሟች እንኳን ስም መልክም አጣች።

«ድንኳኑ ይቆይ» አለች ታደለች።

አባ ወልዱ ቆመው ለማናውቃት ልጅ ጸሎት አደረጉ። ሰይድ በእሱ ወግ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። የዝናሽን ፎቶ ካሣ አወረደው፤ ነጩ ጨርቅ ግን ባዶውን እንደተሰቀለ ቀረ። ሰዉ ወደ ባዶው ጨርቅ እያየ አለቀሰ። ከዚያ የመጣውን ምግብ አብረን በላን።

ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ የደወልኩት ለዝናሽ ነው። ሁለተኛ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ደወልኩ። አንድ ወጣት አነሳ።

«ፎቶው ለማሳያ ነው፣ አባት። ጥግ ላይ ጽፈናል» አለኝ።

«ምን ብላችሁ?»

«‹ለማሳያ የቀረበ› ብለን።»

«ልጄ፣ ያንተን እናት ፎቶ ለማሳያ ብዬ የቀብር ዜና ላይ ባወጣ በጥግ የጻፍኩትን ታነብልኛለህ?»

ልጁ ክፉ አይመስለኝም፤ የተነገረውን ነው የሚያደርገው። ግን ይህ አሠራር ክፉ ነው። ዜና መቅደም አለበት ይላሉ፤ ሰው ግን ይቅደም። ከማንም ገጽ ላይ ፊት መውሰድ፣ ለባለ ፊቱ አለመደወል፣ ከዚያ በትንሽ ፊደል መሸሸግ። እኔ ፍየሏን ስሸጥ የሰማሁት ቢያንስ አንድ ምስክር ነበር። እነሱ ማንንም አልሰሙም።

«ልጅህስ ለምን ለጠፈችው?» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ከዚህ በፊት ቢሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። ዛሬ አልልም። ዝናሽ ፊቷን ለወዳጆቿ አሳየች፤ የሞት ማሳያ ይሁን ብላ አልሰጠችም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከዚያው ጣቢያ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ፎቶውን እንዳወረዱት ነግራኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ይቅርታዋ ከልቧ ነበር። አመስግኛታለሁ። ነገር ግን በቴሌቪዥኑ አልተናገሩትም። መርዶውን ለአገር ነግረው ይቅርታውን ለእኔ ጆሮ ብቻ ነገሩት። እስካሁን ሰሃላ ገጠር ድረስ ዝናሽ ሞታለች ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ፤ በገበያ ቀን ሲያገኙኝ ነፍስ ይማር ይሉኛል። እኔም እየቆምኩ አስረዳለሁ።

ለሰይድ ምን ልስጠው? ገንዘብ ብሰጠው ተቆጣ። በማግስቱ መኪናውን ዞሬ አየሁት፤ የአንዱ ጎን ስፖንዳ ጣውላው በስብሶ በሽቦ ታስሯል። ለራሴ ያስቀመጥኩት የወይራ እንጨት ነበረኝ። በአዲስ ቀየርኩለት። እጀታው በታሰረው በዚያው መላጊያ ነው የላግኩት።

አሁን ቤቴ ውስጥ ያለው ሕግ አልተለወጠም፤ አንድ ብቻ ተጨምሯል። የማንንም ሞት ወሬ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ «ደውለሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ዘነበችም ሻይ ቤቷ ውስጥ ይህንኑ ትጠይቃለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ፎቶ በወጣ ቁጥር ጎረምሶቹ «አያ ሞላ ይጠራ!» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ፤ ጥያቄው እስካልተረሳ ድረስ።

ሰይድ ሲሚንቶ ይዞ በመጣ ጊዜ ሁሉ በሱቄ ፊት ሲያልፍ ጡሩንባውን ይነፋል። ጎረቤት ይማረራል። ጩኸት የማልወደው እኔ ግን መላጊያዬን አስቀምጬ ደጃፍ እወጣለሁ። ጥርሱን እያሳየኝ ያልፋል፤ የወይራው ስፖንዳም ከአቧራው መሐል ይታየኛል። ስልክ ቢኖርም ባይኖርም፣ ለእኔ ያ ጡሩንባ ልጄ በሕይወት አለች የሚል የምሥራች ነው።